ወደ እትዬ ሙሉ የሚከፈተው መስኮት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቤቴ መጥቶ፣ የጋራ አጥራችንን ተደግፈን አንዲት የጭቃ ክፍል ልንሠራ ነውና ይስማሙልን ብሎ በትሕትና ሲጠይቀኝ፣ ከልብሱ የረጠበ ጭቃና ጭድ ሸተተኝ። ግባ እንኳ ሳልለው «መስኮቴስ?» አልኩት። ልጁ ግራ ገባው፤ በዚያ በኩል መስኮት የለኝም። ላስብበት ብዬ ሸኘሁት።

በደርግ ጊዜ፣ መናኸሪያ አጠገብ በነበረችው ቤታችን ግን መስኮት ነበረን፤ ያውም አንድ ብቻ። የጓዳችን ግድግዳ ለእኛ ግድግዳ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሙሉ ደግሞ አጥር ስለነበር መስኮቱ የሚከፈተው ወደ እሷ ጓሮ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንኖረው እናቴ ሰፍታ በምታገኘው ነበርና፣ መብራቱም ሲፈልግ የሚመጣ ሲፈልግ የሚሄድ ስለሆነ፣ የስፌት መኪናዋ ከዚያ መስኮት ሥር አይነቃነቅም። ጠዋት የእንጨት መከለያው ወደ ውስጥ ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት፣ ጎመኗን ውኃ የምታጠጣው እትዬ ሙሉ «ደህና አደርሽ እህቴ?» ትላለች። ጨው፣ ወንፊት፣ አንዳንዴም እኔ ራሴ፣ በዚያ መስኮት እንተላለፍ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ሙሉ ዞራ በበር መጣች፤ ይኸው ራሱ እንግዳ ነገር ነበር። ለማገዶ የምትሆን ትንሽ ቤት ከግድግዳችን ልታስጠጋ ፈልጋ፣ ቀበሌው ጎረቤትሽ ካልተስማማች አይሆንም ብሏታል። ጣሪያዋ ከመስኮቱ በታች እንደሚቀር ወገቧ ላይ በእጇ ለክታ አሳየችን። እናቴ የእትዬ ሙሉ መለመን አሳፍሯት በማግስቱ ቀበሌ ድረስ አብራት ሄዳ ተስማምቻለሁ አለች። ቋሚዎቹ ከመስኮቱ በላይ ሲረዝሙ ጠይቃት ነበር። ኋላ ይቆረጣሉ አለቻት፤ አመነቻት።

ጭቃው በሚመረግበት ቀን የሠራተኞቹ ምሳ በእኔ ነው ብላ እናቴ ዓሣ ልትገዛ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወረደች። ዓሣውን በቅርጫት የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ፤ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም አሞሮች፣ ከኋላዬ እየተንጎራደዱ ሲከተሉኝ እሷ እስክታነባ ሳቀችብኝ። ስንመለስ ቤቱ ጨልሟል። መስኮቱን ብንከፍተው በእንጨቶቹ መሐል ሾልኮ የወጣ እርጥብ ጭቃ ብቻ ነው።

እናቴ መስኮቱን መልሳ ዘጋችው። ዓሣውን ጠርጋ ጠበሰችና ሠራተኞቹን አበላች፤ እነሱ ምን አደረጉ። እትዬ ሙሉ መሬት መሬት እያየች፣ «ልጄ ሚስት ሊያገባ ነው። የማገዶ ነው ባልልሽ አትፈቅጂልኝም ነበር» አለቻት።

«እፈቅድልሽ ነበር» አለች እናቴ። «መስኮቴን ብቻ እለምንሽ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ መኪናዋን በረንዳ አወጣች። ክረምት ሲገባ ዝናቡ የሰው ጨርቅ እያበሰበሰ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሸሹ። እኔም እትዬ ሙሉን መንገድ ላይ ሳያት ሮጬ እቅፏ ውስጥ መግባት ተውኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። መስኮትስ ከዓመታት በኋላ በሌላ በኩል አስከፈትን፤ በመስኮት ተቀብላ የምታቅፈኝ ሴት ግን ሁለተኛ አላገኘሁም።

እናቴ ያንን የተደፈነ መስኮት ጠዋት ጠዋት መክፈቷን አልተወችም። ልማድ ይመስለኝ ነበር። ከፍ ስል ጭቃ ለማየት ለምን ትከፍቺዋለሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«እንድትሰማው ነው» አለችኝ።

ትሰማ ነበር። መከለያው ሲጢጥ ሲል ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ሙሉ ሳል ይሰማናል፤ ከዚያ እሷም ዝም፣ እኛም ዝም።