ነሐሴ ሠላሳ አንድ

ልጄ ከመሳቢያ ያገኘችውን የአጎቴን የነስሩን ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ቻርጅ አድርጋ ስታበራው ጢጥ አለ፤ እኔም ባንዴ በሐሳብ ጅማ፣ የልጅነት ሰፈሬ መንደራ ቆጪ ደረስኩ።

አጎቴ ነሐሴ ላይ እንደገዛው ወሩንና ቀኑን በሐበሻ አቆጣጠር ሞላበት። የጳጉሜን የመጀመሪያ ቀን እናቴንና እኔን በራችን ላይ አቁሞ ሲያነሳን፣ ፎቶው ጥግ ላይ «31/12» የሚል ወጣ።

«ነስሩ፣ ነሐሴ ሠላሳ አንድ አለው እንዴ?» አለች እናቴ።

ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ። ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም።

«አቦ፣ ይሄ ጳጉሜን አያውቅም» ብሎ ቀን መጻፉን አጠፋው። «በቃ፣ ዛሬ ማናችንም አናረጅም።»

እናቴ ሳቋ ሲያመልጣት አነሳን። እኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ልጄ ቀን የሌለውን ፎቶ አገኘችው።

«እማዬ፣ ይህቺ የምትስቀው እህትሽ ናት?»