የመጨረሻው ገጽ ጀርባ

ስለዚህች ዳኛ የሚወራው ሁሉ ጥሩ ነው፤ እውነትም ነው። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው።

የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ ናት። ትምህርት ቤት እንደ ጨረሰች ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥራ፣ ቀን የዳኞችን ውሳኔ በታይፕ እየመታች፣ ማታ ሕግ ተማረች። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ከተሰየመች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አንድ ጊዜ የአንድ ባለሥልጣን ጉዳይ አስፈጻሚ ደውሎ የአንዱን ተከሳሽ ነገር እንድታለሳልስ ቢጠይቃት፣ ስሙንና የደወለበትን ሰዓት መዝገቡ ላይ አስፍራ በችሎት አነበበችው። ሰውየው እስከ ዛሬ ጥርሱን እንደነከሰባት ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ጭር አለ።

አንድ ልማድ ነበራት። ጸሐፊ ሳለች ወረቀት ብርቅ ስለነበር፣ ገጹ ሲሞላባት ገልብጣ ጀርባው ላይ ትጨርሳለች። ለሁለት መስመር ብላ አዲስ ወረቀት አታወጣም።

ከታች መዝገብ ቤቱን የያዘው ሰው «መርፌ» ይባላል። ዳኛ የጻፈው ወረቀት ሲወርድለት በመርፌና በክር ከመዝገቡ ጋር ይሰፋዋል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰፍቷል፤ ለጡረታው አሥራ አራት ወር ቀርቶታል። ስፌቱ ጥብቅ ስለሆነ የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ከካርቶኑ ጋር ይጣበቃል። መዝገብ ቤት ትዕዛዝ የሚያነበው ከፊተኛው ገጽ የታችኛ መስመር ነው። ለዚህም ነው ከአምስት ዓመት በፊት ትዕዛዝ በጀርባ እንዳይጻፍ ሰርኩላር ወጥቶ ዳኞች ሁሉ የፈረሙት። እሷም ፈርማለች። ፈርማ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

አንድ ቀን የመጋዘን ጠባቂ የሆነ ሰው ጉዳይ ለብይን ደረሰ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰረቀ ተብሎ የተከሰሰ፣ ዋስ አጥቶ የታሰረ ሰው ነው። ማስረጃው ባዶ ነበር። ማረሚያ ቤቱ መኪና የለኝም ብሎ ሳያመጣው ቀረ፤ እሷም በሌለበት በነጻ አሰናበተችው። የገጹ የመጨረሻ መስመር «መዝገቡ ተዘግቷል» ላይ አለቀ። «ተከሳሹ በዛሬው ዕለት እንዲፈታ ለማረሚያ ቤቱ ይጻፍ» የሚለው ጀርባው ላይ ወደቀ።

አልተጻፈም። ሰባት ወር።

ሰውየው ቀጠሮዬስ ሲል ጠብቅ ይሉታል። ሆስፒታል ልብስ የምታጥበው እህቱ የመዝገቡን ቁጥር መዳፏ ላይ ጽፋ ትመላለሳለች፤ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ያለው ሠራተኛ ተዘግቷል ይላትና የሚቀጥለውን ይጠራል። ለምን እንደሆነ አንድም ሰው ከወንበሩ ተነስቶ አላየም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ዳኛዋን ደረጃ ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«አይቆጡኝና፣ መዝገቡ ተዘግቷል ይሉኛል፤ ወንድሜ ግን አልወጣም። እንዴት ነው እሱ?»

ዳኛዋ መዝገቡን አስመጣች። ሰውየውን መፍታቷን ታስታውሳለች። ደሟ ፈልቶ መርፌ ላይ ጮኸችበት፤ እሱም ጣቱን የታችኛው መስመር ላይ አሳረፈ። ክሩን በመቀስ ቆርጣ ገጹን ገለበጠች። የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው።

የመፍቻውን ደብዳቤ እዚያው ቆማ ጽፋ፣ በራሷ መኪና ላከችው። ከሰዓት በኋላ ሰውየው ወጣ።

በማግስቱ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አስጠራት። መርፌ ላይ የዲሲፕሊን ክስ መከፈቱን፣ ሐሙስ ኮሚቴው እንደሚያሰናብተው ነገራት። ጡረታውም አብሮ ይሄዳል። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዕጩዎች ዝርዝር ዓርብ እንደሚወጣ፣ ስሟ ሁለተኛ መሆኑንም ጨመረላት።

«ትዕዛዙን ጽፈሻል አይደል? ገልብጦ ማንበብ የእሱ ፋንታ ነው። አንቺ ዝም በይ» አላት። ስለ ሰርኩላሩ ትንፍሽ አላለም። ያወጣው ግን ራሱ ነው።

ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። የኬሚስትሪ መምህር ነው። መጀመሪያ አሥራ ስድስት ዓመት ለሁለት መስመር አይጣልም አለ፤ ቀጥሎ መርፌን በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል ብሎ ጠየቀ። የሕሊና ጉዳይ ነው ይሉ ይሆናል፤ ምኑ ነው የሕሊና? ያጠፋው ማን እንደሆነ የምታውቅ ዳኛ ሦስት ቀን ሙሉ ማሰቧ ነው የሚያሳፍረው።

ሐሙስ ትዕዛዙን መጻፏን እንድትመሰክር ተጠርታ፣ ሰርኩላሩን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ኮሚቴው ፊት ገባች። ታውጣው አታውጣው ገና አልቆረጠችም። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። መርፌ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። መከላከያ አለህ ወይ አሉት።

«የለኝም። የክብርት ዳኛን መዝገብ ሁልጊዜ ሳልሰፋ ገልብጬ ነው የማየው። ጀርባ እንደሚጽፉ አውቃለሁ፤ ብዙ ትዕዛዝ እንዲያ አግኝቻለሁ። ያን ቀን እናቴን ቀብሬ የተመለስኩበት ነው። አልገለበጥኩም።»

አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም። እሷም አንድም ቀን አልጠየቀችም። ያ ሁሉ ዘመን የተሞገሰችበት ሥራ በእሱ ጣቶች ተደግፎ ነው የቆመው።

ሰብሳቢው ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር ቦርሳዋን ከፈተች።

«ይህን ፈርሜያለሁ» ብላ ሰርኩላሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እያወቅሁ ነው የጣስኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባልኝ።»

ሰብሳቢው ክብርት ዳኛ በደንብ ያስቡበት አላት። አስቤበታለሁ፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ አስቤበታለሁ አለችው። መርፌ ከሥራው አልተነቃነቀም። ዓርብ የወጣው ዝርዝር ላይ የእሷ ስም የለም።

ሐሙስ ዕለት ከኮሚቴው ስትወጣ ለምስክርነት የተጠራው የመጋዘን ጠባቂ ከእህቱ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኮቱ ሰፍቶታል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለችው፤ ይቅርታ ለማለት አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ሰባቱንም ወር እዚሁ ነበሩ?»

«እዚሁ ነበርኩ። በየቀኑ።»

አተኩሮ አያት።

«የሚጠራኝ ሲጠፋ፣ እኔ ርቀው የሄዱ መስሎኝ ነበር» አለ። እህቱ ክንዱን ያዘችው፤ ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ።