የእሜቴ በለጠች ድምፅ በጌጤ አፍ

ጌጤን ያወቅኋት በ1972 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት እኔ ታይፒስት፣ እሷ ተላላኪ ሆነን ስንሠራ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከቢሮ ቢሮ ስትሮጥ የምትውል ቀጭን ሴት ነበረች። ቅጥሯ ጊዜያዊ ነው፤ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። የሚታደስበት ቀን ሲቃረብ ምግብ አይወርድላትም።

ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም በጨቅላነታቸው ሞተውባት ነበር። ከሁለተኛው በኋላ ራሷን መያዝ አቃታት። ገበያ መሀል ትወድቃለች፣ ሰው አትለይም። ጠበል አልተሻላትም። በመጨረሻ እሜቴ በለጠች ዘንድ ወሰዷት። እሜቴ በለጠች ውቃቢ አላቸው የሚባሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጨንቀው የሚሄድባቸው ሴት ነበሩ። ሰባት ወር ቤታቸው አስቀምጠው፣ በእጃቸው እያጎረሱ አዳኗት። በዓመቱ ደሳለችን ወለደች፤ ልጅቷም አደገችላት።

በ1973 ዓ.ም. በመንፈስ ስም ሕዝብ የሚያደናግሩ ይጋለጡ ተባለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይርዳው ጌጤን አስጠርቶ፣ "በእሜቴ በለጠች ላይ ከመሰከርሽ ለመሥሪያ ቤትሽ ጽፌልሽ በቋሚነት ትቀጠሪያለሽ" አላት። እሑድ በስብሰባው ላይ ተነሥታ፣ "ሁለቱን ልጆቼን የገደላቸው እሳቸው ያጠጡኝ መድኃኒት ነው" አለች።

ውሸት ነበር። ልጆቹ ሲሞቱ እሜቴ በለጠችን አይታቸውም አታውቅም ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ግን አጎንብሼ ያለችውን ጻፍኩ። እሜቴ በለጠች ቀና ብለው አይተዋት፣ "ምነው ልጄ?" ብቻ አሉ። ከበሯቸውና ጨሌያቸው በቀበሌው ግቢ ተቃጠለ። ሁለት ወር ታስረው ሲፈቱ እብናት ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። ጌጤም ቋሚ ሆነች።

ወር ሳይሞላት አንድ ጠዋት ኃላፊያችን፣ "ጌጤ፣ የትናንቱ ፋይል የት ደረሰ?" ብሎ ጠየቃት። አፏን ከፈተች።

"ልጆችሽ ሲሞቱ እኔን የት ታውቂኝ ነበር?" የሚል ድምፅ ወጣ።

ኃላፊው የሌላ አገር ሰው ነው፤ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ጣቴ የጽሕፈት መኪናው ላይ ደረቀ። ከንፈሩ የጌጤ ነው፤ ድምፁ ወፈር ብሎ የሚጎተተው የእሜቴ በለጠች ነው። እሳቸው ደግሞ በሕይወት እብናት ናቸው። ጌጤ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አጣ። ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠይቅ ያው ቃል ይወጣል፤ መሠረተ ትምህርት ክፍል ተነሥታ "ሀ ሁ" ልትል ስትሞክር ያው። ሰው መራቅ ጀመረ። በመጨረሻ በምልክት ብቻ መነጋገር ያዘች። አንድ ቀን ወረቀት እንድጽፍላት በምልክት ለመነችኝና "ዘመድ ታሞባት" የሚል የይለፍ ደብዳቤ ተየብኩላት። እብናት ሄደች።

የሆነውን በኋላ ራሷ ነገረችኝ። እሜቴ በለጠችን ያገኘቻቸው ገበያ ውስጥ በርበሬ ሲሸጡ ነው። እግራቸው ላይ ወደቀች፤ እሳቸው ፊት ብቻ የራሷ ድምፅ ወጣላት።

"ይማሩኝ እሜቴ! በእኔ ላይ ያደረውን ያንሱልኝ!"

እሳቸውም፣ "እኔ ምንም አልላክሁብሽ ልጄ። ከበሮዬ ከተቃጠለ ወዲህ ውቃቢዬም ጥሎኝ ሄዷል፤ ወዳንቺ መምጣቱን ገና ካንቺ መስማቴ ነው" አሏት። ከዚያም ክንዷን ይዘው አስነሧት። "እኔስ ይቅር ብያለሁ። እዚህ ግን ማን ያውቅሻል? ውሸቱን የሰሙት ደብረ ታቦር ናቸው።"

በሚቀጥለው ስብሰባ ጌጤ ሳትጠራ ተነሣች። ሁሉም ያንን ድምፅ ጠበቀ። የወጣው ግን የራሷ ድምፅ ነበር።

"ዋሽቻለሁ። ልጆቼ የሞቱት እሜቴ በለጠችን ሳላውቃቸው ነው። እኔን ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው። ለእንጀራዬ ብዬ ሸጥኳቸው።"

"ጓድ ጌጤ አሟታል፤ ተቀመጪ!" አለ ይርዳው።

አልተቀመጠችም። "እዚህ ካላችሁት ቤታቸው ሄዶ የማያውቅ እጁን ያውጣ" አለች።

አንድም እጅ አልወጣም። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። እናቴ ስትታመም እኔም ሄጄ ነበር። ይርዳው ወደኔ ዞሮ፣ "ይሄ አይጻፍ" አለኝ። ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ አነሣሁ።

በሳምንቱ ጌጤ ከሥራ ተሰናበተች። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ወረቀት ቀይሬያለሁ። ድምፁ ዳግመኛ አልመጣባትም። የመምህራን ልብስ እያጠበች ደሳለችን አስተማረች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም የምትለኝ ቀድማ ነው።

እሜቴ በለጠች በ1977 ዓ.ም. ማረፋቸው ሲሰማ ቤቴ ድረስ መጣች። "ፈንታነሽ፣ ለቅሶ ልሄድ ነው። አብረን እንሂድ?" አለችኝ።

"ሥራ አለብኝ" አልኳት።

ቅዳሜ ነበር፤ ሥራ አልነበረኝም። ጌጤ ጋቢዋን ደርባ ወደ መኪና ተራው ወረደች። እኔም በሬን ዘግቼ፣ መኪናው እስኪሄድ ድረስ ቤቴ ውስጥ ቆምኩ።