ያጠፋሁት ዝርዝር

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤታችን አዲስ የተመደበ መምህር ላፕቶፑን ታቅፎ እኔ ወደምሠራበት ኮምፒውተር ክፍል እየሮጠ መጣ። "እትዬ ትርንጎ፣ ይቺ ማሽን አብዳለች። የይለፍ ቃሌን አስገባለሁ፣ ብልጭ ትላለች፣ ከዚያ እንደገና የይለፍ ቃል ትጠይቀኛለች። በቃ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጭናት ነው" አለኝ። መጫኛውን ፍላሽ ሰክቶ ጨርሷል። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከተዋወቀ ገና ወር አልሞላውም፤ ድፍረቱ ግን የአሥር ዓመት ነው። እጁን ለቀም አድርጌ ያዝሁት። አጥብቄ እንደያዝሁት ያወቅሁት "ምነው እትዬ?" ብሎ ሲደነግጥ ነው።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን እናውጣ" አልሁት።

እዚሁ ገንዳ ውሃ ከተማ ነው ነገሩ የሆነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጋሼ ፈንታሁን የሚባሉ ሰው ጽሕፈት ቤት ነበራቸውና እዚያ እሠራ ነበር። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ለስልክ ዘፈንና ፊልም እጭናለሁ። ክረምት ላይ የዋልካው ጭቃ ከጫማ ጋር እየተጣበቀ ደንበኛው ሁሉ ቁመቱ ጨምሮ ነበር የሚገባው። ጥቅምት ሲመጣ ጭቃው ይሰነጣጠቅና ከተማው የታጨደ ሰሊጥ ይሸታል። ሙቀቱን የማነሣው ለማያውቅ ሰው ለመንገር አይደለም፤ ቬንቲሌተሩ የሚዞረው መብራት ሲኖር ብቻ ስለነበር እስከ ዛሬ ስለማልረሳው ነው።

ከሥራችን ሁሉ ትልቁ የሳሉጎቹ ዝርዝር ነበር። ሳሉግ የምንላቸው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ነው። ወኪሎቹ ሠላሳም አርባም ሰው ሰብስበው ይመጡና በየእርሻው ከመበተናቸው በፊት ስማቸውን ያስጽፋሉ፤ ወረቀቱ በየኬላው ይታያል። ችግሩ በአንድ መኪና ላይ አምስት ያረጋል፣ ስድስት ሙሉቀን መኖሩ ነው። ስለዚህ ወኪሉ እዚያው በራችን ላይ ለየሰዉ መጠሪያ ያወጣል፤ ቀዮ፣ ጢሞ፣ ረጅሙ፣ ደብተራው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁ እርሻ ላይ በሌላ ስም አይጠራም። ጋሼ ፈንታሁን ብልህ ሰው ስለነበሩ "የሚጠራበት" የሚል ዓምድ አስጨመሩኝ። ወረቀቱ እርሻ ከደረሰ በኋላ በዝናብ ይበሰብሳል፤ አለዚያም ትምባሆ ይጠቀለልበታል። የቤት ስሙና የእርሻ ስሙ አንድ ላይ የሚገኙት እኔ ጋ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነበር።

ከደንበኛ ፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ መከራ ሲያበላን ሰሎሞን የሚባል ጎንደር የተማረ ልጅ ሊኑክስን ጫነልን። ነጻ ነው፣ ቫይረስም አይነካውም ተብሎ ጋሼ ፈንታሁን በደስታ ተቀበሉት። ለእኔ ግን በሰው አገር እንደመክረም ነበር። ሰሎሞን አንድ ገጽ በእጁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ። አማርኛው አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ከታየሽ ፊደሉ አልተጫነም። ፕሪንተሩ ዝም ካለሽ አጥፍተሽ አብሪውና ከዝርዝሩ ውስጥ እንደገና ምረጪው። ጥቁሩ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል ስትጽፊ ምንም አይታይም፤ እየተጻፈ ነውና አትደንግጪ። በዚያች ወረቀት ብርታት በዓመቱ የከተማው የኮምፒውተር ሐኪም ተባልሁ። ከወረዳ ቢሮ ሳይቀር ይጠሩኝ ነበር። ኮራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ክፉኛ ኮራሁ።

አንድ ነገር ግን ከልማዴ አልወጣም። በድሮው አሠራር ዲስኩ ሲና ዲ ተብሎ ለሁለት ይከፈልና ሰው ሁሉ ፋይሉን ዲ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ማሽኑ ሲበላሽ ሲ ፎርማት ተደርጎ ይጠረጋል፣ ዲ ግን አይነካም። በእኛ ከተማ ጥገና ማለት ይኸው ነበር። ሰሎሞን "ሊኑክስ ላይ ዲ የሚባል የለም" ብሎኛል። ሰምቼዋለሁ። ግን ዲ ስትቀር ቤት ያለ ጓዳ ሆነብኝና ራሴ አንድ ፎልደር ከፍቼ ዲ ብዬ ሰየምሁት። ዝርዝሩን ሁሉ እዚያ አስቀመጥሁ፤ አእምሮዬም ያ ቦታ የማይነካ ነው ብሎ አረፈ።

በጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ፊታቸው ቀይ፣ ጫማቸው በአቧራ የነጣ አዛውንት ገቡ። ቢተው እባላለሁ፣ ከጎጃም ነው የመጣሁ አሉኝ። አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ከጎረቤት ከረከዴ ሻይ አስመጣሁላቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቀመሱ።

"ልጄ ያረጋል ቢተው ይባላል" አሉ። "ካቻምና ሐምሌ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ነው የወረደ። የጎረቤታችን ልጅ ተመልሷል። እዚህ ቤት ስማችንን አስጻፍን፣ ከዚያ እሱም በአንድ መኪና እኔም በሌላ ሄድን፣ ያወጡለትን መጠሪያ አልሰማሁም አለኝ። ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ድምፁ የለም።"

"እርሻዎቹ ላይ ጠይቀዋል አባቴ?"

"ኸረ ስዞር ነው የከረምሁ። ያረጋል ስል ማን ያውቀዋል! ምን ተብሎ ነው የሚጠራ ይሉኛል። እኔ ያወጣሁለትን ስም ነው የማውቅ።" ብርጭቆውን መሬት ላይ አኖሩት። "እናቱ ሞቷል ብላ ቆርጣለች። ተዝካሩን እናውጣለት፣ ነፍሱ አትንገላታ ትለኛለች። እህሉም ተሰናድቷል። እኔ ግን ሳላረጋግጥ የሕያው ልጄን ተዝካር እንዴት ብዬ አወጣለሁ? አይቼ ልምጣ ብያት ነው የወጣሁ።"

"አይዞዎት፣ እኔ ጋ አለ" አልኋቸው። እንዲያ ስል የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ብልጭ አለና ያንኑ የይለፍ ቃል መልሶ ጠየቀኝ። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ ያው ነው። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። የሰሎሞንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብሁ፤ እንዲህ ያለ በሽታ አልተጻፈበትም። ሰሎሞን ጋ ልደውል ስልኬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ሐኪሟ ደውላ ስትጠይቅ ሊስቅብኝ ነው ብዬ። አዛውንቱ ደግሞ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም፤ በፊታቸው አላውቅም ማለት ከበደኝ።

መጫኛውን ሲዲ አስገባሁ። እንዴት ይጫን ብሎ ሲጠይቀኝ አስቀድሞ የተመረጠው ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ የሚጭነው ነበር። ዲ አይነካም ብዬ ቀጥል አልሁት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። አያ ቢተው ተነሥተው ከኋላዬ ቆሙና በገጹ ላይ ቀስ እያለ የሚሞላውን መስመር ተመለከቱ። "ይኸ የሚሄደው ነገር ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ።

"እየተጠገነ ነው አባቴ።"

"እግዜር ይስጥሽ" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ሲያልቅ ገጹ ጽድት ብሎ ተከፈተ። አንድም ፎልደር የለበትም። ፈለግሁ። የማውቀውን ሁሉ ከፈትሁ፣ የማላውቀውንም ከፈትሁ። ካቻምና ያረጋልን መዝግቤዋለሁ፣ በእነዚህ ጣቶች፤ ግን የዚያ ሐምሌ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ እኔ የማየው ፊታቸውን ሳይሆን የፊደል ገበታውን ነበር። ፊቱም መጠሪያውም ጠፋኝ።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

ዞሬ አየኋቸው። የፊታቸውን ቅላት አየሁ። ወኪሎቹ ለቀይ ልጅ የሚያወጡትን ስም ደግሞ አውቃለሁ። "ቀዮ ነው የሚሉት" አልሁ። "ወደ አብደራፊ እርሻዎች በኩል ነው የሄደው።"

ለምን እንዲህ አልሁ? ምናልባት ይሆናል ብዬ ነው፤ አዝኜላቸውም ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዝርዝሩን በገዛ እጄ ማጥፋቴን አላወቁብኝም ነበርና እንዳያውቁብኝ ነው። አዛውንቱ ብድግ አሉ። "ቀዮ፣ ቀዮ" እያሉ እንዳይረሱት ደጋገሙት። "ወልደሽ ሳሚ" ብለው መርቀውኝ የአብደራፊን መኪና ፍለጋ ወጡ።

ሰሎሞን ከአራት ቀን በኋላ መጣ። የሆነውን ስነግረው አልሳቀም። "ዲስኩ ሞልቶ ነው እንዲያ የሚያደርገው" አለኝ። "ፊልም አጨናንቀሽበታል። ያንኑ ሲዲ ሳትጭኚው እንዲያው መክፈት ትችይ ነበር። ፋይሎችሽን በፍላሽ ታወጪ ነበር። ሁለት ፊልም ብታጠፊ ደግሞ በሰላም ይከፈት ነበር።" ዲስኩን ነቅሎ ጎንደር ድረስ ወስዶ ሞከረልኝ። የተቆራረጡ ጥቂት ፎቶዎች ይዞ ተመለሰ፤ ዝርዝሩ ግን አልተገኘም።

አያ ቢተው በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። ከስተዋል፤ ጋቢያቸው የዋልካ አፈር መስሏል። ገና ከበሩ ላይ ሳያቸው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

"አገኘሁት" አሉ። "አብደራፊ ቀዮ የሚባል ልጅ አለ። ሂላ ከሚሉት የሰሊጥ ክምር ሥር ነዶ ሲደረድር ነው ያገኘሁት። የኔ ልጅ አይደለም። ሲሳይ የሚባል የላስታ ልጅ ነው።"

እንዲህ ሲሉ ቁጣ የለባቸውም። ቁጣ ቢኖርባቸው በቀለለኝ። እያለቀስሁ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ዝርዝሩን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን፣ ቀዮ ያልሁትም ከራሴ አውጥቼ መሆኑን፣ አብደራፊ ያልሁትም እንዲሁ መሆኑን። ሲያዳምጡኝ ወደ መሬት ነበር የሚያዩት። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ ጎንደር፣ ጎንደር እያሉ ይጮሃሉ።

"ወረቀት አለሽ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አለ አባቴ።" ወደ ኮምፒውተሩ ዞርሁ።

"እሱ ይቅር። በእጅሽ ጻፊው።"

እስኪርቢቶ አነሣሁ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍሁ። "ለሲሳይ ወላጆች። ልጃችሁን አብደራፊ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እጁን ጨብጬዋለሁ፣ አብሬው እንጀራ ቆርሻለሁ። ደህና ነው። ያልጻፈላችሁ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልጻፍ ብሎ አፍሮ ነው። እዚህ ስሙ ቀዮ ነው። የምትፈልጉት እንደሆነ ቀዮ ብላችሁ ጠይቁ።" እዚህ ላይ ቆሙ። "በቃ፣ ይኸው ነው" አሉ።

"ከማን ልበለው?"

"ከያረጋል አባት በይው።"

ጽፌ አጥፌ ሰጠኋቸው። ወደ ላስታ ለሚመለሱ ሠራተኞች እንደሚሰጡት ነገሩኝ። እርስዎስ አባቴ፣ የያረጋልን እናት ምን ይሏታል ብዬ ጠየቅኋቸው። "እንጃ ልጄ" አሉ። "እኔም እንዲህ የሚጽፍልኝ ባገኝ ብዬ ነው ለሰው የጻፍሁ።" ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ለመጠየቅ ድፍረቱን አጣሁ። የጎንደሩ አውቶቡስ ላይ ሲወጡ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

የመምህሩን ላፕቶፕ በሩብ ሰዓት ከፈትሁት። በሌላ ፍላሽ አስነሥቼ የፈተና ወረቀቶቹን አወጣሁለት፤ የሞላበትን ፊልም አጠፋሁ፣ ማሽኑም እሺ አለ። "ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። አዎ፣ ይህን ያህል ቀላል ነው። ያንን ማወቄ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ያረጋል በሕይወት ካለ አሁን ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። ወደ ቤቱ ተመልሶም ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ እንዲሆን ስንት ጊዜ ጸልያለሁ። ወይም ደግሞ ያ የተሰናዳው እህል ተፈጭቶ፣ ካህናት ተጠርተው፣ የሕያው ሰው ተዝካር ተበልቷል። የቱ እንደሆነ አላውቅም። ጥቅምት በመጣ ቁጥር አንድ የማያውቁት ሰው አንድ እርሻ ላይ ያረጋልን አግኝቶ ለአያ ቢተው ደብዳቤ ጽፎላቸው ይሆን ብዬ አስባለሁ። ግን ማን ብሎ ፈልጎ ያገኘዋል? የሚጠራበትን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።