ከናዝሬት እስከ ነገሌ፦ ማንም ያልላከው መንገደኛ

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ሰዓት እላፊው እስኪነሣ ጠብቄ ብስክሌቴን እየገፋሁ ከቤት ወጣሁ። ሐሳቤ በአንድ ቀን ከናዝሬት ላንጋኖ ድረስ በብስክሌት መሄድ፣ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት፣ ከዚያም አርሲ ነገሌ እታላቅ እኅቴ ቤት ድረስ መሮጥ ነበር። «ለምን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ባለቤቴ አልማዝም በሶውን እየቋጠረች የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

«እትዬ ወርቅነሽስ መምጣትህን ታውቃለች?» አለችኝ።

«ድንገት ደርሼ ላስደስታት ነው።»

አልማዝ የቋጠረችውን ፈትታ እንደገና ቋጠረች። የእኅቴ ልጅ ግርማ ወደ ሰሜን ከዘመተ ከርሟል፤ ወሬው ከጠፋም ሰንብቷል። እኔ ግን ያን ማለዳ የማስበው ስለ ጎማዬ ነበር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። እግሬ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ይረግጣል፤ አንዲት ክንድ ግን ወደ ፊት አልሄድም። መልካሳ እርሻ ምርምር የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ ነው፣ ሱሪ ስለካው፣ ውጭ አገር ዋናውንም ብስክሌቱንም ሩጫውንም በአንድ ቀን የሚወጡት ሰዎች እንዳሉ ያጫወተኝ። ልቤ አብሮ ስለሄደ ሱሪውን አሳጠርኩበት። ከዚያ ወዲህ ሰዓት እላፊው እስኪያልፍ ግቢዬ ውስጥ ገመድ እዘላለሁ፤ ሲያልፍ እሮጣለሁ። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ከሌለ ሶደሬ ወርጄ እዋኛለሁ። ሜዳሊያ የሚሰጠኝ የለም። ብርድ ልብሱ ሲያባብለኝ ራሴን «እስከ በሩ ብቻ» እለዋለሁ። በሩን ካለፍኩ እግሬ የራሱን ነገር ያውቃል።

አምናም ሞክሬ ነበር። አዳሚ ቱሉ ላይ ነፋሱ አሸነፈኝና በወዳጄ በሸዋንግዛው የጭነት መኪና ተጭኜ ተመለስኩ። እሱም ዓመቱን ሙሉ ሱቄ በር ላይ እየቆመ «ተሳፋሪው!» ሲለኝ ከረመ። ዘንድሮ ነገሌ ሳልደርስ እንደገና መኪና ላይ ከወጣሁ ብስክሌቱን ሸጬ ነገሩን እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ። መማሌ ደግሞ የምሬን ነው።

ሞጆ ኬላ

ጠባቂው የቀበሌዬን የይለፍ ወረቀት አነበበ። ሊቀ መንበሩ የምሄድበትን ምክንያት ቢያጣው «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጽፎልኛል። ጠባቂው ወረቀቱን አየ፣ ራሴ የሰፋሁትን ቁምጣ አየ።

«ጓድ፣ ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ማንም ያልላከው ሰው እንዲህ አይለፋም።» ስንቄን ፈታ፣ በሶውን በጣቱ ቀመሰ። «ማር አለው» አለና አሳለፈኝ።

ከመቂ እስከ አዳሚ ቱሉ

ቆቃን አልፌ ዓለም ጤና ስደርስ ፀሐይዋ ጀርባዬን ያዘችኝ። መቂ መንገድ ዳር ፓፓያ በስሙኒ ገዛሁ፤ ሻጯ በቢላዋዋ ከፍላ ፍሬውን ጠረገችልኝና «ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በል፣ መንገዱ አይሸሽም» አለችኝ። ዝዋይ ላይ የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ በላሁ። ከግራና ከቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል፤ ግመሎች ግራሩ ሥር ያመነዥካሉ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

አዳሚ ቱሉ ስደርስ ያ የአምናው ነፋስ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ጠበቀኝ። ጭራሽ ከኋላዬ ጡሩምባ ተነፋ። ሸዋንግዛው ነበር።

«ተሳፋሪው! ቦታህ ክፍት ነው!»

አንገቴን ደፍቼ ፔዳሉን ረገጥኩ። «እስከዚያ ግራር ብቻ» አልኩት ራሴን። ግራሩ ጋ ስደርስ ሌላ ግራር መረጥኩ። ሸዋንግዛው ጥቂት አብሮኝ አዘገመና «ነገ ከሻሸመኔ ስመለስ ነገሌ እፈልግሃለሁ፤ በሕይወት ካለህ» ብሎ ነዳው።

ላንጋኖ

ውኃው ሻይ በወተት ይመስላል። ብስክሌቴን ዳር ላይ ከሰል ለሚሸጡት ለአቶ ቱፋ አደራ ሰጥቼ ገባሁ። ወዲያ ዋኝቼ ወዲህ ስመለስ አቶ ቱፋ ዳሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ምን ወድቆብህ ነው የምትፈልገው?»

«ምንም አልወደቀብኝም።»

«ታዲያ አገኘኸው?» አሉና ሳቁ። እኔም እየሳቅሁ ጫማዬን አሰርኩ።

ነገሌ

ወደ ነገሌ ዳገት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማው ጫፍ ደረስኩ፤ አቧራ ለብሼ፣ ዓይኔ በነፋስ እያለቀሰ። የእትዬ ወርቅነሽ በር ከሩቅ ታየኝ። ያኔ ጎረቤቷ ኦቦ ገመዳ ከአጥሩ ዘለው ክንዴን ያዙኝ።

«ና ወደዚህ። እንዳታይህ።»

«ኦቦ ገመዳ፣ ልድረስ እንጂ፤ በሩ እኮ ይኸው ነው።»

«መርዶ በማታ አይነገርም፣ ልጄ። ነጋ ሲል ተሰብስበን እናረዳታለን።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ግርማ ነው አይደል?»

ምን እንዳሰቡ ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ዘመን ሰው እየሮጠና እያለቀሰ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ እንዴት ረሳሁት?

«ማንም አልሞተም!»

«አዎ። መርዶ ነጋሪ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«በእናቴ ሞት!»

«ታዲያ ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። እንዲሁ ነው የምሮጠው።»

ይህን ማን ያምናል? የሰፈሩ ሴቶች ወጥተው ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀምረዋል። አንዲቱ «ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?» እያለች ትሮጣለች። በዚህ መሐል እትዬ ወርቅነሽ በሯን ከፍታ ወጣች። ጎረቤቱን አየች፣ እኔን አየች። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

ብጮህ አታምነኝም። መርዶ ነጋሪ የማያደርገውን አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ከኦቦ ገመዳ እጅ አመለጥኩና እያጨበጨብኩ፣ ትከሻዬን እየሰበቅሁ፣ በሠርጓ ቀን ያጀብናትን ዘፈን እየዘፈንኩ ወደ እሷ ሮጥኩ። ድምፄ የተሰነጠቀ ጡሩምባ ነው። ለቅጽበት ሁሉም እብድ ነው ብለው ቆሙ። ከዚያ ኦቦ ገመዳ ከኋላዬ እየሮጡ ዘፈኑን ተቀበሉኝ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አስተካክለው እልል አሉ። በሩን እጄ ሲነካ እኅቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ከዚያ ተነሥታ በነጠላዋ ገረፈችኝ። የሚገባኝ ነበር። ቀጥላም አቅፋኝ፣ «ከእንግዲህ እግርህ አልቀመጥ ካለህ፣ እየዘፈንክ ና» አለችኝ። ዶሮ ታረደ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለለቅሶ እንደወጣ በልቶ ገባ።

ናዝሬት

በማግስቱ በሸዋንግዛው መኪና ብስክሌቴን ከላንጋኖ አንሥቼ ተመለስኩ። ወደ ቤቴ መሄጃ ስለሆነ መሐላዬ አልፈረሰም። ለአልማዝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳቀች፣ ቀጥላም ዓይኗን ጠረገች።

የሚሮጥ ሰው ለብቻው የሚሮጥ ይመስለዋል። እኔም ደስታዬ የማንም ጉዳይ አይደለም ብዬ ነበር። ግን ናዝሬት ውስጥም ልጅ ያልዘመተበት ሰፈር የለም። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ ሰዓት እላፊው ሲነሣ፣ ወደ ቤቶቹ ስቃረብ መዝፈን ጀመርኩ። አንዲት ልጃቸው የዘመተባቸው እናት መስኮታቸውን ገርበብ አድርገው አዩኝ፤ «ተመስገን፣ ልብስ ሰፊው ነው» ብለው መልሰው ተኙ።