ጥርስ የሰበረው አተላ

ጉልቨን ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የለውም። የሰበረው የገዛ ወንድሙ ማዜ ነው።

አባታቸው ሲሞት የእህሉ መሬት ለታላቅየው ለማዜ፣ የአሳማው ቤት ለእህታቸው ለትሬፊን ደረሰ። ጉልቨን «እኔ ጭቃ አልፈልግም» ብሎ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነ። ከፈረንሳዩ ሎሪያን ወደብ መኖ እየጫነ ለአሳማ አርቢዎች ያደርስ ነበር።

መኖው ከአሜሪካ በመርከብ የሚመጣ በቆሎ ነው። በቆሎ ብለው ግን አይጠሩትም። ፋብሪካ ጨምቆ የጣለው ነው ተብሎ ጉምሩክ «አተላ» ብሎ ያስገባዋል፤ አተላ ደግሞ ቀረጥ የለበትም። እህል ቢባል ኖሮ ቀረጡ አያድርስ ነው። እነማዜ «በአተላ ስም እህል እየገባብን ነው፣ የኛን ገብስ ማን ይግዛው?» ብለው ነደዱ። አንድ ጥቅምት ላይ ወደቡ በር ላይ ትራክተር ደርድረው ጎማ አቃጠሉ። መኖ የጫነ መኪና አይወጣም አሉ።

ትሬፊን ቤት መኖው አለቀ። አሳማ ሲርበው እርስ በርሱ ይበላላል። መጀመሪያ ጭራ ነው፣ ከዚያ ጆሮ። ወደቡ ድረስ ደወለችለት።

«ጉልቨን፣ አሳማዎቹ አንዷን እናት ሆዷን ዘረገፏት። ግልገሎቿን በሉ። ዛሬ ካልመጣህ እኔው ሁሉንም እፈጃቸዋለሁ።»

ጉልቨን ጭኖ በጓሮ በር ወጣ። እነማዜ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ጠበቁት። ድንጋይ መስታወቱን ሰብሮ ገባ። አንገቱን ይዘው ጎትተው አወረዱት፤ በእርግጫ ጎኑን አሉት።

«ተዉት፣ ወንድሜ ነው። ለኔ ተዉልኝ» አለ ማዜ። ጉልቨን ተረፍኩ ብሎ ነበር። ማዜ ከጭነቱ አንድ እፍኝ ዘግኖ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀበት።

«አላምጥ! እህል ስትቆረጥም አይደል እንዴ ያደግከው? ንገረን፣ ምንድነው?»

ጉልቨን አላመጠ። ቅንጣቱ ጥርሱ ላይ ተንኮሻኮሸ። እህል ነው። ግን እህል ነው ካለ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማው፣ ነገ ጉምሩክ ጆሮ ይገባል። ቀረጥ ከተጣለ ትሬፊን መኖ መግዛት አትችልም፤ ቤቷ ተዘጋ ማለት ነው።

«አተላ ነው» አለ።

ማዜ ቡጢ አቀመሰው። «ምን አልክ?»

«አተላ!»

ሁለተኛው ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። ጉልቨን በቆሎውን ከነደሙ፣ ከነጥርሱ ተፋው።

«እዩት፣ አተላው አጥንት አለው!» አለ አንዱ። ሳቁ።

ጭነቱን አስፋልቱ ላይ ገለበጡት። ማዜ ናፍጣ ሊያርከፈክፍበት ጀሪካን ሲያነሳ፣ ጉልቨን ቢቆይባት ፍለጋ የወጣችው ትሬፊን በትራክተር ደረሰች። ዘላ ወረደችና የጉልቨንን አፍ አየች። አካፋዋን አንስታ የማዜን ክንድ አለችው። ቋ አለ። ጀሪካኑ ወደቀ፣ ማዜም ተንበረከከ።

«አበድሽ እንዴ አንቺ! ሰበርሽኝ!»

«ዝም በል! እናንተም ስሙኝ። እህል ነው ካላችሁ፣ እህል ላይ ናፍጣ የሚደፋ ገበሬ የታለ? እስቲ ይውጣና ልየው! አተላ ከሆነ ደግሞ አተላ የአሳማ ነው። ዞር በሉ!»

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ክብሪቱን ኪሱ ከተተ።

ትሬፊንና ጉልቨን መኖውን ከነጭቃው፣ ከነደሙ ዛቁት። ጉልቨን መስታወቱን እየለቀመ ጥርሱንም ፈለገ፤ አላገኘውም። አሳማዎቹ ሳይበሉት አልቀሩም።

የማዜ ክንድ ተጣሞ ቀረ። ለገና ትሬፊን አሳማ አርዳ ሁለቱንም ትጠራለች። ማዜ ቢላ መያዝ ስለማይችል ጉልቨን ሥጋውን ይቆርጥለታል።

«እንካ፣ አተላህን ብላ» ይለዋል።

ማዜ አንገቱን ደፍቶ ይበላል።