ልቃቂቱ እስኪሞላ

«አፈርሽብኝ እንዴ?»

እማዬ እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ነጠላዋ ላይ ያረፈውን ዱቄት እያራገፈች ነው። ያኔ ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት አገሬ የገባሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። አልመለስኩላትም። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ባለፈው ሳምንት ግን ተመርቄ፣ ሥራ አግኝቼ፣ ለመሄድ ሻንጣ ሳዘጋጅ ባናው አልገባ አለኝና ጥያቄው ተመልሶ መጣ።

ባና ለማያውቅ ሰው፣ እኛ መንዝ ውስጥ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው። ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ እርጥብ ቀን በግ በግ ይሸታል። የእኛን ብርድ ግን ከእሱ ሌላ የሚችለው የለም። የእኔው ባና እንዴት እንደተፈተለ ካልነገርኳችሁ ጥያቄውም አይገባችሁም።

ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ የሞተው ሕፃን ሆኜ ነው። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፤ ያለችኝ እማዬ ናት። ጠላ ጠምቃ ነው ያስተማረችኝ። ያን ክረምት ስመጣ ወፍራ አገኘኋት። ጎረቤት ሁሉ «ተመችቷት» ይላል፤ እኛ አገር ውፍረት ሙገሳ ነው። እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ገላዋን ሳጥባት ነው መቀነቷ ሥር የነበረውን ያየሁት። እምብርቷ አጠገብ ብርቱካን የሚያህል እብጠት። ስትቆም ይወጣል፣ ስትተኛ ይገባል። ሁለት ዓመት ሙሉ መቀነቷን አጥብቃ ደብቃኛለች። ውሃ መቅዳት የተወችው ለዚያ ነው፣ ገበያ መውጣት የተወችው ለዚያ ነው፣ ጠላው አጠገብ ተቀምጣ ስትቀምስ የምትውለው ለዚያ ነው። የወፈረችውም ለዚያ ነው።

ደብረ ብርሃን ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሆዷን ተጫን ተጫን አድርጎ፣ «አንጀት ነው እማማ፤ በሳሳው በኩል እየወጣ ነው። መስፋት ይቻላል፤ ግን በዚህ ክብደት ብሰፋው ስፌቱ አይይዝም። ሰባት ኪሎ ቀንሰው ከመስቀል በኋላ ይምጡ» አላት። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ፣ አንጀቱ ወጥቶ አልመለስ ካለ ሰዓት ሳትቆጥሩ አምጧት፣ ከቆየ ይገድላል አለኝ። ሰዓት ሳትቆጥሩ! ክረምት ላይ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን መንገዱ ምን እንደሚመስል ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ ቀለል አድርጎ አይናገረውም ነበር። ስንመለስ አውቶቡሳችን ጭቃ ይዞት ወርደን ገፍተናል። እማዬ እንዳትገፋ እጇን ይዤ ቆሜ፣ ያ ነገር አሁን ወጥቶ አልመለስ ቢላትስ እያልኩ ነበር የማስበው።

ካሎሪ የሚባለውን ነገር የተማርኩት ነርስነት ከምታጠና የዶርም ጓደኛዬ ነው። የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ ሰው ይከሳል፤ በቃ። እኔ ደግሞ ስታትስቲክስ ነበር የማጠናው፤ መደመርና መቀነስ ከሆነማ ማን ያቆመኛል? ችግሩ ከእሷ የገለበጥኩት ዝርዝር ላይ ሩዝ አለ፣ ፓስታ አለ፣ ሙዝ አለ፤ በሶ የለም። ገንፎ የለም። ጠላማ ጭራሽ። በግምት ሞላሁት። እማዬ በቀን ሁለቴ በልክ ትበላለች፣ ቅቤ ቀረ፣ ጠላ ቀረ፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ትሄዳለች። ደብተር ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አብሬያት ወጣሁ። ግን እኔ ቀስ ማለት አልችልም። ጥያት እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ደግሞ ጥያት እሄዳለሁ፤ እንደ ውሻ። በሦስተኛው ቀን፣ «አንቺ ልጅ፣ ካንቺ ጋር ስሄድ ከእግሬ ይልቅ የሚደክመኝ ልቤ ነው። ተኚ» አለችኝ። ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት። ሐምሌ ላይ ጉሙ በር ድረስ መጥቶ ሲቆም ከአልጋ መውረድ ቅጣት ነው። ስትመለስ ከብርድ ልብሱ ሥር እጄን አውጥቼ «አንድ ሰዓት ተኩል» ብዬ መጻፍ ብቻ ነበር ሥራዬ።

በመንደሩ ያለው ሚዛን የወፍጮ ቤቱ የእህል ሚዛን ነው። መጀመሪያ ስትቆምበት ሰማንያ አራት ነበረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ሄድን። ገበያ ነገ ስለነበር ወረፋው በር ድረስ ደርሷል። ጋሽ ደምሴ፣ ባለወፍጮው፣ የገብስ ጆንያውን አንስቶ፣ «ቁሚበት እትዬ አስካለ» አላት። ከወረፋው አንዷ፣ «ከነነፍሷ ልትፈጫት ነው?» ስትል ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እማዬም አብራ ሳቀች።

«ሰማንያ ስድስት» አለ ጋሽ ደምሴ።

ድገመው አልኩት። ደገመው።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ትዋሺኛለሽ አልኳት። ተደብቀሽ ትበያለሽ፣ እኔ ለመንገድሽም ለእህልሽም ስጨነቅ አንቺ እንደ ሕፃን ጓዳ ትገቢያለሽ አልኳት። ያ ሁሉ ሰው ፊት። ወፍጮው ባይጮህ ኖሮ መሐል ሜዳ ድረስ ይሰማ ነበር። እማዬ ከሚዛኑ ቀስ ብላ ወረደች፣ መቀነቷን አስተካከለች፣ ወጣች። ደጃፉ ላይ ነው ዞር ብላ ያን የጠየቀችኝ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ ደግሞ ጆንያዎቹን ነበር የማየው።

ያን ቀን እራት አቀረበችልኝ፤ እሷ አልበላችም። ጾም ይዛ እንደማይሆን፣ ነገሩ እልህ እንደሆነ ገባኝ። በማግስቱ ቀድሜያት ተነሥቼ ቦቲዬን አጥልቄ በር ላይ ጠበቅኋት። ወጣን። በእሷ እርምጃ መሄድ ሞከርኩ።

ሩብ ሰዓት ሳንሄድ የመጀመሪያው ቤት። አራስ አለች። እማዬ ነጠላዋ ውስጥ ቋጥራ የያዘችውን ስኳር አውጥታ ሰጠች፣ ገባን፣ ገንፎው መጣ። መሐሉ ተቦርቡሮ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበታል። እኔ በቃኝ አልኩ። የአራሷ እናት ማንኪያውን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ «ዩኒቨርሲቲ ገንፎ ናቁ ብለው ነው የሚያስተምሯችሁ?» አሉኝ። በላሁ። ሁለተኛው ቤት ለቅሶ ነው፤ ሰባተኛ ቀናቸው። ንፍሮ ዘግነው ሰጡን፣ ዳቦ ቆርሰው ሰጡን። ለቅሶ ቤት ገብቶ አልበላም ይባላል? አይባልም። ሦስተኛው ቤት እግራቸውን የታመሙ ሽማግሌ አሉ፤ «በዚህ ጭቃ እኔን ብላችሁ መጥታችሁ በባዶ ሆዳችሁ ትወጣላችሁ?» ብለው ጠላ አስቀዱ። ደብተሬን ይዤ ነበር የወጣሁት፤ ከሁለተኛው ቤት በኋላ መጻፍ ተውኩ። ያን ጠዋት እኔ ራሴ የዩኒቨርሲቲውን ካፌ የሁለት ቀን ምግብ በልቻለሁ።

ሲገባኝ ከእሷ ይልቅ በራሴ ተናደድኩ። እናቴ አልዋሸችኝም። ጓዳ ገብታም አልበላችም። እኛ አገር የሚራመድ ሰው ደክሞታል ማለት ነው፤ የደከመው ሰው ደግሞ ይበላል። በእግሯ የምታወጣው በሰው በር በእጥፍ ይገባል። ያ ሠንጠረዥ ላይ ይህን የምጽፍበት ዓምድ አልነበረኝም።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ለምን ዝም ብለሽ ሄደሽ አትመለሽም፣ ሰው ቤት መግባት ግዴታ ነው ወይ አልኳት።

«ምን ብዬ ልሂድ?» አለች። «ሰው ‹የት ነሽ እትዬ አስካለ?› ሲለኝ ‹የትም› ልበል? የትም የሚሄድ እብድ ነው። ልከሳ ነው ብልማ ቸግሯት ነው ይሉኛል፤ አንቺም በበዓል ሰው ፊት አንገትሽን ትደፊያለሽ። ስለዚህ አራስም ጠየቅሁ፣ ለቅሶም ደረስኩ። ያንቺም ሰዓት ሞላ።»

ደብተሬን ብብቴ ሥር ወሸቅኩት። በእሷ እርምጃ ወደ ቤት ተመለስን።

መፍትሔውን ያመጣችው እሷ ናት። በማግስቱ ጠዋት ከቆጡ ላይ የበግ ጠጉር አወረደች። ከበጎቻችን የተሸለተ፣ ተነድፎ የተቀመጠ ነው። ክንዷ ላይ ጠቀለለችው፣ እንዝርቷን ያዘች፣ ወጣች። አካሄዷንም ቀየረች፤ ወደ መንደሩ ሳይሆን ወደ ጓሳው። እየሄደች ትፈትላለች። «የት ነሽ?» ሲሏት፣ «ለልጄ ባና ልፈትል» ትላለች፤ በቃ፣ ያሳልፏታል። ሥራ ላይ ያለች ሴት አትያዝም። ግቢ፣ ቅመሺ ያሏት እንደሆነ ደግሞ እጇን ዘርግታ ታሳያለች፤ የጠጉሩ ቅባት ይዞታል፣ በግ በግ ይሸታል፣ በዚህ እጅ እህል አይነካም። አንዷ ብልጥ ግን ላጉርስሽ ብላ ተነሣች። እማዬ አንድ ጎረሰች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውንም ጎረሰች፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት በኩል ማለፍ ተወች።

ከመጨረሻው ቤት በኋላ ጓሳው ነው። ሣር፣ ጉም፣ ከሩቅ የሚጮህ ጭላዳ። «ጭላዳ ቅመሺ አይልም» ትለኝ ነበር። አሁን አብሬያት ነው የምሄደው። ለመፍጠን ብትፈልግ ክሩ ይበጠሳል፤ ስለዚህ እኔም ቀስ ማለት ተማርኩ፣ ማለት ትንሽ። ዳገቱ ላይ ስታለከልክ ሆዷን በክንዷ ደግፋ ትቆማለች፤ እኔ ፊቷን አያለሁ፤ ከዚያ እንዝርቱ እንደገና ይሾራል። አንድ ቀን ግን ቆማ ቆየች። ተቀመጠች፣ ተጋደመች፣ እብጠቱን በእጇ ቀስ ብላ መለሰችው። መሐል ሜዳ ያለው መኪና ጠዋት ሄዷል፤ ሌላ የለም። ሲገባላት ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ ተነሥታ ክሯን ነው የፈለገችው።

ሠንጠረዡንም ጣለችው። የእሷ መለኪያ እንዝርቱ ላይ የሚጠቀለለው ልቃቂት ነው። ልቃቂቱ ሳይሞላ ገበታ አይቀርብም። ሲሞላ እጇን ታጥባ ትበላለች፤ ቂጣ በሽሮ፣ ጎመን፣ ከበሶው አንድ ጭብጥ፤ በቃ። ጠላውን ሌላ ሰው ይቅመስላት ብላ ለጎረቤት ሰጠች። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ መጣልን፤ ቅቤና ወተት ራሱ ከቤት ወጣ። እኔም በልቃቂት መቁጠር ጀመርኩ። በጳጉሜን ቅርጫቱ ሞልቶ ነበር።

ወፍጮ ቤት ግን ተመልሼ መሄድ አልቻልኩም። እሷም ሄደን እንመዘን አላለችም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን የሄድነው ክብደቷን ሳናውቅ ነው። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ትምህርት ተጀምሮ እኔ ሳልመዘገብ፣ እማዬ የሐኪሙ ሚዛን ላይ ነጠላዋን አውልቃ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ መቀነቷንም ልታወልቅ ስትል ነርሷ ከለከለቻት። ሰባ ስምንት። ሰባ ሰባት ነበር የተባልነው።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ሆዷን ደግሞ ነካካ። «ይችን አንድ ኪሎ ትቼልዎታለሁ» አላት። «ምን ሠርተው ነው?»

«ፈተልኩ» አለች እማዬ።

ቀዶ ጥገናው ላይ ስትሆን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የግድግዳውን ቀለም ልጣጭ ስቆጥር ነበር። ነርሷ ወጥታ «በሰላም አልቋል» ስትለኝ ተነሥቼ እጇን ሳምኩ። ከዚያ ራበኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ በቅጡ እንዳልበላሁ ያኔ ነው ያወቅኩት። ከግቢው በር ፊት ለፊት ሁለት ዳቦ በሻይ በላሁ። ስመለስ እማዬ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ በልተሻል ወይ ብላ ነው።

ስፌቱ ይኸው እስከ ዛሬ ይዟል። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሳው ትወጣለች፤ ማንም ለምን አይላትም። ሌሎች ሁለት ሴቶችም እንዝርታቸውን ይዘው አብረዋት መውጣት ጀምረዋል፤ አንዷ ወፍጮ ቤት «ልትፈጫት ነው?» ያለችው ናት።

ባለፈው ሳምንት እንግዲህ ከዚያ ክር የተሠራውን ባና ብከትበት ሻንጣው አልዘጋ አለ። ጉልበቴን አስደግፌ ገፋሁት፣ ዚፑን ጎተትኩት፣ ተሳደብኩ። እማዬ መጣችና ላዩ ላይ ተቀመጠች። አልዘጋም።

«ድሮ ቢሆን አንዴ ስቀመጥበት ጸጥ ነበር የሚለው» አለች።

ሳቅኩ፤ ከዚያ ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ሻንጣው ላይ፣ እኔ እግሯ ሥር ዚፑን እንደያዝኩ። ይህን ሁሉ ዓመት እሷ ጥያቄዋን እንደረሳችው ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ። ሳያት ግን አልረሳችም። ያኔ ወፍጮ ቤት የጠየቅሽኝ ትዝ ይልሻል አልኳት። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።

«አዎ፣ አፍሬብሽ ነበር» አልኳት። «እንዳትሞቺብኝም ፈርቼ ነበር እማዬ፤ ግን ያን ቀን የጮህኩብሽ አፍሬ ነው።»